በታቃፊ ዶሮ ጫጩት ማስፈልፈልና ማሳደግ

በኢትዮጵያ ገጠር አብዛኛው የጓሮ ዶሮ ጫጩት የሚገኘው በታቃፊ ዶሮ አማካኝነት ነው። ዘዴው የኤሌክትሪክ ኃይልም ሆነ ነዳጅ አይጠይቅም። ይህ ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። አንዲት ዶሮ ለ21 ቀናት ታቅፋ፣ ከዚያም ጫጩቶቿን ለ8 ሳምንታት ስታሳድግ በድምሩ ለ77 ቀናት ያህል እንቁላል አትጥልም። ጫጩቶቹ በጭልፊት፣ በብርድ ወይም በፈንግል በሽታ ቢያልቁ ቤተሰቡ የሚያጣው ያሳቀፋቸውን እንቁላሎች ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ቀናት ሊያገኝ ይችል የነበረውን እንቁላል ጭምር ነው። በመሆኑም የሥራው ውጤት የሚለካው በተፈለፈሉት ሳይሆን ለእድገት በደረሱት ጫጩቶች ብዛት ነው።

ታቃፊ ዶሮን መምረጥ

ለመታቀፍ የተዘጋጀች ዶሮ እንቁላል መጣል ታቋርጣለች፣ ቀንም ሌሊትም ከጎጆዋ አትነሳም፣ ሰው ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። ከእነዚህ መካከል ጤናማ የሆነች፣ ሰፊ ክንፍ ያላትና ከዚህ ቀደም ታቅፋ ጫጩቶቿን በሚገባ ያሳደገች ዶሮ ትመረጣለች። ይህ ጠባይ በሀገረሰብ ዶሮዎች ላይ ጎልቶ ሲታይ፣ ለእንቁላል ምርት በተሻሻሉ ዝርያዎች ላይ ግን እምብዛም አይገኝም።

እንቁላል መምረጥና ማሳቀፍ

የሚታቀፈው እንቁላል አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘ፣ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ንጹሕና ያልተሰነጠቀ ሊሆን ይገባል። ከተጣለ ከ7 ቀናት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ በእያንዳንዱ ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ መጻፍ ይጠቅማል። እስኪታቀፍ ድረስ ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ሥፍራ፣ ሾጣጣው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል። ተፈጥሯዊ መከላከያው እንዳይወገድ በውኃ አይታጠብም።

ለአንዲት የሀገረሰብ ዶሮ እንደ ሰውነቷ መጠን ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል። ከዚህ ከበዛ በጠርዝ ያሉት ሙቀት ያጣሉ። ጎጆው ጸጥ ባለና ጨለም ባለ ቦታ ይዘጋጃል፤ ደረቅ ጭድ ይነጠፍበታል፤ ቅማልንና መዥገርን ለመቀነስም ጥቂት አመድ ይነሰነስበታል። ዶሮዋን በምሽት ማሳቀፍ ሳትረበሽ እንድትለምድ ይረዳታል።

በእቅፍ ወቅት

ዶሮዋ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ለመብላት፣ ለመጠጣትና ለመጸዳዳት ትነሳለች። መኖና ውኃ በአቅራቢያዋ ከተቀመጠ ቶሎ ስለምትመለስ እንቁላሎቹ አይቀዘቅዙም። በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን በጨለማ በባትሪ ብርሃን መመልከት ይቻላል። ቀጫጭን የደም ሥር የሚታይበት እንቁላል ሽል ይዟል፤ ምንም ሳይታይበት ጥርት ብሎ የሚያበራው ግን ስለማይፈለፈል ይወጣል። ከ18ኛው ቀን ወዲህ ዶሮዋን ማንቀሳቀስም ሆነ እንቁላሎቹን መነካካት አይመከርም።

ከተፈለፈሉ በኋላ

በጫጩቱ ሆድ ውስጥ የቀረው አስኳል ለመጀመሪያው ቀን ምግብ ስለሚሆነው ሁሉም ተፈልፍለው እስኪደርቁ ድረስ ዶሮዋን ማስነሳት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ በደቃቁ የተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ ይሰጣቸዋል። ጥራጥሬ ብቻውን በቂ ፕሮቲን ስለሌለው ምስጥ ወይም የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርበት እድገታቸው ይፋጠናል። የውኃው ዕቃ ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ ጫጩቶች ገብተው እንዳይሰጥሙም ጠጠር ይደረግበታል።

ከፍተኛው ሞት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ስለዚህ እናቲቱና ጫጩቶቿ ቢያንስ ለ4 ሳምንታት በቅርጫት፣ በወንፊት ሽቦ ወይም በቀርከሃ በተሠራ መከለያ ውስጥ ሊቆዩ ይገባል። ሌሊት ደግሞ ሸለምጥማጥና ድመት በማይደርሱበት ቤት ያድራሉ። ሁለት ዶሮዎች በአንድ ቀን እንዲታቀፉ ከተደረገ፣ ክንፏ የሚበቃ እስከሆነ ድረስ ሁሉንም ጫጩቶች ለአንደኛዋ መስጠት ይቻላል። ሁለተኛዋም ፈጥና ወደ እንቁላል መጣል ትመለሳለች። ይህ የሚደረገው ማታ፣ ጫጩቶቹ ገና እንደተፈለፈሉ ነው።

የፈንግል በሽታን መከላከል

ፈንግል ፈዋሽ መድኃኒት የሌለው የቫይረስ በሽታ በመሆኑ አስተማማኙ መንገድ በቅድሚያ መከተብ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ዓይነትም አለው። አንዱ ብልቃጥ የብዙ ዶሮዎችን መጠን ስለሚይዝና ከተበጠበጠ በኋላ ለሌላ ቀን ስለማይቆይ፣ ጎረቤታሞች ዶሮዎቻቸውን በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ክትባቱ አይባክንም፤ የመንደሩም ዶሮ በጋራ ይጠበቃል። ከገበያ የመጣ ዶሮ ከነባሩ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለ2 ሳምንታት ተለይቶ ሊቆይ ይገባል።

አገልግሎት ለማግኘት

ክትባትና ምክር የሚፈልጉ አርቢዎች በቀበሌያቸው የሚገኘውን የልማት ሠራተኛ፣ በአቅራቢያቸው ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። የጫጩቶቹን ብዛትና የተፈለፈሉበትን ቀን መዝግቦ መቅረብ ባለሙያው የክትባቱን ዓይነትና ጊዜ በትክክል እንዲወስን ያግዘዋል። በርካታ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ከሞቱ ሳይዘገዩ ማሳወቅና የሞቱትን ከሰፈር ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር የእያንዳንዱ አርቢ ኃላፊነት ነው።