«ሰፈር» እና «ሰፈር»

በነገሌ ቦረና ልጆችን ስናስተምር ከገጠመን እንጀምር። አንድ ቀን ስለ ሶላት ስናስተምር «ሰፈር ላይ ያለ ሰው ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ሁለት አድርጎ ይሰግዳል» ብለን አለፍን። ከሳምንት በኋላ አንድ ትንሽ ልጅ ዙህርን በሁለት ረከዓ ሲያሰላምት አየነው። ምክንያቱን ስንጠይቀው «ኡስታዝ፣ ሰፈር ውስጥ ነኝ እኮ!» አለን። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነበር።

በአማርኛ «ሰፈር» ሰዎች ሰፍረው የሚኖሩበት ቦታ ነው። በዐረብኛ «ሰፈር» ግን ጉዞ ነው፤ ተጓዡም «ሙሳፊር» ይባላል። አንዱ መቀመጥ፣ ሌላው መሄድ! ሶማሊኛም ቃሉን ለጉዞ ይጠቀምበታል። በኦሮምኛ ደግሞ «ሰፈሩ» መለካት ነው፤ በአማርኛም እህል ይሰፈራል። እንግዲህ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆች አንዱን ድምፅ ሰምተው የተለያየ ነገር ቢረዱ ምን ይገርማል?

የዐረብኛው «ሰፈር» ወደ ስዋሂሊ ገብቶ «ሳፋሪ» ሆነ። እንግሊዝኛም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከስዋሂሊ ወሰደው። ዛሬ የአራዊት አደንና ጉብኝት ስም ቢሆንም መሠረቱ ጉዞ ነው።

እንግሊዝኛ የሚማሩ ወጣቶች ደግሞ «ሳይፈር» የሚል እምብዛም የማይሰማ ቃል ያገኛሉ። ትርጉሙ ምስጢራዊ ጽሑፍ ወይም ዜሮ ነው። የሳፋሪ ዘመድ ቢመስልም አይደለም። የመጣው ባዶ ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ሲፍር» ነው። ጉዞው በሲን፣ ባዶው በሷድ ይጻፋል። ጣሊያናዊው ፊቦናቺ በ1202 እ.ኤ.አ. በጻፈው የሒሳብ መጽሐፍ «ሲፍር»ን በላቲን «ዜፊሩም» አለው፤ «ዜሮ» የወጣውም ከዚያ ነው። ስለዚህ ዜሮና ሳይፈር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለተኛው የሂጅራ ወር «ሶፈር»ም በሷድ ይጻፋል፤ ብዙዎች ስሙን ዐረቦች ለጉዞና ለዘመቻ ሲወጡ ባዶ ከሚቀሩት ቤቶች ጋር ያያይዙታል።

ልጁን አልተቆጣነውም። ከነገሌ ዶሎ ኦዶ የሚሄድ ሰው ሙሳፊር እንደሆነ፣ ከቤቱ መስጂድ የሚመላለስ ግን እንዳልሆነ አስረዳነው፤ ያሳጠራቸውንም ሶላቶች እንዲሰግድ ነገርነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ከመድረሳም ሆነ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ምን ሸመደዳችሁ?» ብቻ አትበሉ። «ትርጉሙስ ምንድን ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ወሏሁ አዕለም።