ለሶላት ወቅት መተግበሪያ መረጃ ስናሰናዳ፦ ግሸንን እንደ ምሳሌ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከመካከላችን ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ልጆች ረመዳን ሲቃረብ የሶላት ወቅትና የቂብላ መተግበሪያ ለመሥራት ይነሳሉ። መልካም ኒያ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ድካሙ ሁሉ በኮዱ ላይ ያርፋል። ኮዱ የሚመገበው መረጃ፣ ማለትም የቦታ ስሙ፣ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ፣ የስሌት ዘዴው፣ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይታጎራል። በዚህ ጽሑፍ ተዛማጅ የመረጃ ፋይሎችን እንዴት እንደምንለይ፣ እንዴት እንደምናያይዝና እንዴት አንድ ጥቅል እንደምናደርግ በአጭሩ እናያለን።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

ፀሐይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ለማቋረጥ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ በጅግጅጋ መግሪብ ከአዲስ አበባ 16 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ይገባል፤ በጋምቤላ ደግሞ ያንኑ ያህል ይዘገያል። አንድ መተግበሪያ የጋምቤላን መረጃ ሲያጣ ዝም ብሎ የአዲስ አበባን ሰዓት ቢያሳይ፣ ጋምቤላ ያለው ጾመኛ ፀሐይ ሳትገባ ያፈጥራል። ተጠቃሚው ኮዱን አያይም፣ ፋይሉንም አይከፍትም፤ እኛን አምኖ ነው ተምሩን የሚያነሳው። እንግዲህ መረጃ ማሰናዳት የቴክኒክ ሥራ ብቻ ሳይሆን አማናም ነው ማለት ነው።

ለምን ግሸን?

ለምሳሌነት ደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ የሚገኘውን ግሸንን እንውሰድ። ክርስቲያን ወገኖቻችን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለበዓል የሚወጡበት አምባ በመሆኑ ስሙን የማያውቅ የለም። መረጃ ሆኖ ሲመዘገብ ግን አስቸጋሪ ነው። አንዱ «ግሸን» ይላል፣ ሌላው «ግሼን»፤ «አምባ ግሸን»፣ «ግሸን ማርያም»፣ «ግሸን ደብረ ከርቤ» ብሎ የሚጽፍም አለ። በቆዩ ሰነዶች «ሐይቅና አምባሰል» በሚል ሥር ይገኛል። ዛሬ ግን ግሸን በአምባሰል ወረዳ፣ የሐይቅ ከተማ ደግሞ በተሁለደሬ ወረዳ ናቸው። «ሐይቅ»ን ራሱን «ሀይቅ» ወይም «ሃይቅ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ለእኛ ዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ ፈጽሞ የተለያዩ ኮዶች ናቸው። በአንዱ የተመዘገበውን በሌላው የሚፈልግ ተጠቃሚ «አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል።

አንደኛ፦ መለየት

መመሪያችን ይህ ይሁን፤ በተለያየ ምክንያት የሚለወጡ ነገሮች በአንድ ፋይል አይቀመጡ። የግሸን ኬክሮስ አይለወጥም። የወረዳው አወቃቀር ሊለወጥ ይችላል። የስሙ አጻጻፍ በየጊዜው ይጨመርበታል። የስሌት ዘዴው ደግሞ የዑለማና የተጠቃሚው ምርጫ ነው። ስለዚህ አራት ፋይል ያስፈልገናል፦

1. የቦታዎች ፋይል፦ መለያ ቁጥር፣ ዋና ስም፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከፍታ በሜትር።
2. የስሞች ፋይል፦ መለያ ቁጥርና ለዚያ ቦታ የሚውሉ አጻጻፎች ሁሉ፣ እያንዳንዱ በራሱ መስመር።
3. የአስተዳደር ፋይል፦ መለያ ቁጥር፣ ዞን፣ ወረዳ፣ መረጃው የየትኛው ዓመት እንደሆነ።
4. የስሌት ዘዴዎች ፋይል፦ የፈጅርና የዒሻ ማዕዘን፣ የዐስር አቆጣጠር።

አራተኛውን ለይቶ ማስቀመጥ ለምን እንደሚጠቅም እንይ። የሙስሊም ዓለም ሊግ ዘዴ ለፈጅር 18 ዲግሪ፣ ለዒሻ 17 ዲግሪ ይጠቀማል። የግብፁ 19.5 እና 17.5 ነው። የኡሙል ቁራው ለፈጅር 18.5 ዲግሪ ወስዶ ዒሻን ከመግሪብ 90 ደቂቃ በኋላ ያደርጋል። በእኛ አካባቢ በ18 እና በ19.5 ዲግሪ መካከል ያለው የፈጅር ልዩነት 6 ደቂቃ ገደማ ነው። ዐስርም በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ ይለያያል። እነዚህ ቁጥሮች በኮዱ ውስጥ ከተቀበሩ አንድ ዓሊም ሊያያቸውና ሊያርማቸው አይችልም። ለብቻቸው ፋይል ካላቸው ግን ኮድ የማያውቅ ሸይኽም አንብቦ አስተያየት ይሰጣል።

ሁለተኛ፦ ማያያዝ

አራቱን ፋይሎች የሚያገናኛቸው ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር ይሁን። ግሸን 17 ቁጥር ከተሰጠው በሁሉም ፋይል 17 ነው። «ግሸን»ም «ግሼን»ም ወደ 17 ይመራሉ። አንድ ቦታ ከዝርዝሩ ቢወጣ እንኳ ቁጥሩ ለሌላ ቦታ አይሰጥ። ይህ ካልተጠበቀ ትናንት ግሸንን መርጦ ያስቀመጠ ሰው ነገ ሳያውቀው የሌላ ከተማ ሰዓት ይታየዋል።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን በትክክል መጻፍ

ግሸን በ11 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ሰሜንና በ39 ዲግሪ ከ21 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ ይገኛል። ይህ በአስርዮሽ ሲጻፍ 11.52 እና 39.35 ነው። 60 ደቂቃ አንድ ዲግሪ መሆኑን ረስቶ 11.31 እና 39.21 ብሎ የሚጽፍ ሰው ግሸንን ከቦታዋ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ያርቃታል።

ከዚህ የባሰው ሁለቱን ማገላበጥ ነው። ጂኦጄሰን የተባለው የታወቀ የካርታ ፋይል ዓይነት ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ኬክሮስን አስቀድሞ መጻፍ ለምዷል። ግሸን ተገልብጣ 39.35 ሰሜን፣ 11.52 ምሥራቅ ብትሆን ጣሊያንና ሰርዲኒያ መካከል ባሕር ውስጥ ትገባለች። ከግሸን ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ባሕር የሚሰላው ቂብላ ግን ከሰሜን 118 ዲግሪ ዞሮ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያመለክታል። መግሪብም በኬንትሮሱ ልዩነት ብቻ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም የስህተት መልእክት አያሳይም፤ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ቁጥሩን ያሰላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዓምዶቹን ስም በግልጽ እንጻፍ፤ ጥቅሉ ከመዘጋቱ በፊትም እያንዳንዱ ኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ እያንዳንዱ ኬንትሮስ ከ32 እስከ 48 መካከል መሆኑን የሚፈትሽ አጭር ፕሮግራም እናሂድ። ኢትዮጵያ በዚህ ክልል ውስጥ ናት፤ የተገለበጠ ቁጥር ወዲያው ይያዛል።

ሰዓትንም በአንድ ዓይነት መንገድ እናስቀምጥ። በፋይሉ ውስጥ 18:30 ተብሎ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀመጥ፤ «ከምሽቱ 12:30» የሚለውን ስክሪኑ ላይ መተግበሪያው ይቀይረው። የዘመን አቆጣጠሩም የትኛው እንደሆነ ይጻፍ፤ መስከረም 1 አንዳንድ ዓመት በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንድ ዓመት 12 ላይ ይውላልና።

ፋይሎቹን በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጥም አይዘንጋ። በኤክሴል የተሠራ የአማርኛ ሰንጠረዥ በተራው ሲኤስቪ ምርጫ ሲቀመጥ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኤክሴል ውስጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚል የተለየ ምርጫ አለ፤ እሱን እንምረጥ።

አራተኛ፦ ማሸግ

በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ ጥንታዊ ኪታቦችን ያየ ሰው፣ በገጹ ግርጌ ጥግ ላይ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ተጽፎ ያገኛል። ቅጠሉ ቢፈታ ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋ ነው። በመጨረሻው ገጽ ብዙ ጊዜ ገልባጩ ስሙንና የጨረሰበትን ቀን ያሰፍራል። ሐዲስም ያለ ኢስናድ አይወሰድም፤ ማን ከማን እንደሰማው ይጠየቃል። የመረጃ ጥቅልም ከዚህ የተለየ ነገር አይፈልግም።

በጥቅሉ ውስጥ አንድ የመግለጫ ፋይል ይኑር። በውስጡም የጥቅሉ ስምና እትም፣ የተዘጋጀበት ቀን፣ የእያንዳንዱ ፋይል ይዘትና የዓምዶቹ ትርጉም፣ መለኪያው፣ መረጃው ከየት እንደተወሰደ፣ ማን እንዳረጋገጠው፣ ለማባዛት የሚጠይቀው ፈቃድ ይጻፍ። ለምሳሌ ከታንዚል ፕሮጀክት የቁርኣን ጽሑፍ የምንወስድ ከሆነ ፕሮጀክቱ ጽሑፉ እንዳይለወጥና ምንጩ እንዲጠቀስ ይጠይቃል፤ ይህ በመግለጫው መስፈር አለበት።

ቀጥሎ የፋይሎች ዝርዝር ይዘጋጅ፤ ከእያንዳንዱ ፋይል ስም ጎን የማረጋገጫ ኮዱ ይጻፍ። ሻ-256 የተባለው ስሌት የአንድን ፋይል ይዘት ወደ 64 ምልክት ይቀይረዋል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ኮዱ ሌላ ይሆናል። በፍላሽ ሲተላለፍ የተጎዳ ወይም አንድ ሰው በመሀል የነካው ፋይል በዚህ ይታወቃል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የካሊፎርኒያ ዲጂታል ላይብረሪ ያዳበሩት፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በመደበኛ ሰነድ የወጣው ባግኢት የተባለው አሠራር በመሠረቱ ይህ ነው፦ አንድ የመረጃ ፎልደር፣ መግለጫ፣ የማረጋገጫ ኮዶች ዝርዝር። አንድ ነገር ግን እንወቅ፤ ኮዱ ፋይሉ አለመለወጡን እንጂ ትክክል መሆኑን አይመሰክርም። ከመነሻው የተሳሳተ ቁጥር ታሽጎም የተሳሳተ ነው።

በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ዚፕ ይጠቃለል። የእትሙ ቁጥር በስሙ ላይ ይታይ። አንድ ቁጥር ሲታረም 1.0 ወደ 1.1፣ የፋይሎቹ አደረጃጀት ሲለወጥ ወደ 2.0 ይሂድ። «አዲሱ»፣ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው ትክክለኛው» የሚሉ ስሞች ከዓመት በኋላ ለማንም ምንም አይነግሩም። ጥቅሉ ከመተግበሪያው ጋር አብሮ ከተጫነም ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር ያለ ሰው ይጠቀምበታል።

ለማን ነው የምናሰናዳው?

በግቢ ሕይወት ሥራን የሚጀምረው ሰውና የሚቀጥለው ሰው አንድ አይደሉም። የዘንድሮው ተመራቂ ላፕቶፑን ይዞ ይሄዳል፤ አዲስ የገባው ተማሪ ረመዳን ሲደርስ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ጥቅሉን ስንጨርስ እንዲህ እንፈትነው፦ ሥራውን ላላየ አንድ ወንድም ወይም እህት እንስጠውና አጠገባቸው ሆነን ዝም እንበል። ግሸንን አግኝተው፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አውቀው፣ በየትኛው ዘዴ እንደሚሰላ ሳይጠይቁን ከተረዱ ሥራው ተጠናቋል። ከጠየቁን ደግሞ ጥያቄያቸው በመግለጫው ፋይል ውስጥ የጎደለውን መስመር ይነግረናልና እዚያው እንጻፈው።

ወሏሁ አዕለም።