«እንሰት ኪራይ አይከፍልም» ላለኝ ልጄ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የሠራት ሱቅ ከወናጎ ዳር፣ ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ ላይ ናት። ሦስት የእንጨት በር፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ቡና ይዞ የሚወርድ ገበሬ ዝናብ የሚያመልጥባት በረንዳ አላት። ከጀርባዋ ተዳፋቱ ይጀምራል። ከላይ ብርብራና ዋንዛ ጥላ ይሰጣሉ፣ ከሥራቸው እንሰት አለ፣ ከእንሰቱ ሥር ደግሞ ቡና። ከነርስነት ሥራ ከተሰናበትኩ ወዲህ የጡረታ አበሌን የምደጉመው በዚህች ሱቅ ኪራይ ነው።

ባለፈው ዓመት የበኩር ልጄ ከሐዋሳ የሕንፃ ንድፍ ይዞ መጣ። ጂ ፕላስ ሁለት፣ ፊቱ ሙሉ መስታወት፣ ከኋላ ደግሞ ተዳፋቱ ተቆርጦ የመኪና ማቆሚያ። እንሰቱ እንዴት ይሆናል ብለው፣ «እማዬ፣ እንሰት ኪራይ አይከፍልም» አለኝ። አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ስሌቱ ግን ስህተት አልነበረም፤ የታናሽ እህቱ የኮሌጅ ክፍያ አለ፣ የኔም የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ ይገዛል።

ነርስነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን መርፌ ከመያዛችሁ በፊት በሽተኛውን ጠይቁ፣ መርምሩ የሚል ነበር። ልጄንም «ቤቱንም መሬቱንም መጀመሪያ እንጠይቅ» አልኩት። እያጉረመረመም ቢሆን አብሮኝ ዞረ።

ውድ አንባቢያን፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙዎቻችን ቅርስ ሲባል ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ያሉት ትክል ድንጋዮች ብቻ ይመስሉናል። ድንጋዮቹማ ትልቅ ነገር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በሳካሮ ሶዶ የቆሙት አንዳንዶቹ እስከ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርሱ አሳይቷል። የተመዘገበው ግን ከድንጋዩ ይሰፋል። ዛፍ፣ እንሰትና ቡና በአንድ ማሳ የሚኖሩበት የእርሻ ዘዴ፣ የተከበሩት ደኖችና ይህን ሁሉ ጠብቆ ያቆየው የሕዝቡ እውቀት አብረው ተመዝግበዋል። ስለዚህ ልጄ «ባዶ ጓሮ» ያለው ቦታ ራሱ ቅርሱ ነው ማለት ነው።

ሕጉንም ጠየቅን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ጥበቃ በተከለለ ቦታ ያለ ፈቃድ መገንባትንም መሬት መቆፈርንም ይከለክላል። በግንባታ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። በከተማ ደግሞ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ፈቃድ እንዲወጣ የጠየቀው አዲስ ቤት ለሚሠራ ብቻ አይደለም፤ ነባሩን ለሚያሻሽል፣ ለሚያሰፋና የቤቱን አገልግሎት ለሚለውጥም ነው።

ከሕጉ በላይ ልጄን ያሳሰበው ግን የተዳፋቱ ነገር ነው። በሥራ ዘመኔ ክረምት በመጣ ቁጥር በጎርፍና በናዳ የተጎዱ ሰዎችን ቁስል አጥቤአለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዚሁ በክልላችን በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። የዛፍ ሥር አፈሩን ይዞ ያቆየዋል፤ የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል የዝናቡን ኃይል ይሰብራል፣ የረገፈው ቅጠልም መሬቱን ይሸፍናል። ይህን ሁሉ ነቅለን ተዳፋቱን ብንቆርጠው የሚወርደው ጭቃ የሚገባው ከሥራችን ባለችው ጎረቤታችን ማዕድ ቤት ነው። እሷ ደግሞ ልጆቼን በሕፃንነታቸው ያዘለች ሴት ናት።

የአካባቢያችን ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሶንጎም ሄድን። አንድ አባት ንድፉን ገልብጠው አዩና፣ «ሲስተር፣ ቤቱ አያምርም አላልንም። ዝናቡ ሲመጣ ውኃው በየት ይሂድ?» አሉ። ልጄ መልስ አልነበረውም። ማታ ንድፉን ዘርግቶ ብቻውን ሲያየው አመሸ።

እንዲህ ያለው ጭንቀት የኛ ብቻ አይደለም። የሐረር ጁገል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ሆኖም ሰው ይኖርበታል፣ ይነግድበታል፣ ቤቱንም ያድሳል። የእንግሊዟ ሊቨርፑል ደግሞ የድሮ የንግድ ወደቧ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመዝግቦ ነበር። በወደቡ ዙሪያ የተካሄደው አዲስ ግንባታ ነባር ገጽታውን ስለጎዳው በ2021 ከመዝገቡ ተሰረዘ። ቅርስ ማደስን አይከለክልም፤ መዝገብ ላይ መስፈርም ብቻውን ቅርሱን አያድነውም።

በመጨረሻ ንድፉ ተለወጠ። ፎቁ አንድ ብቻ ሆነ፣ መሠረቱም ከአሮጌው ሱቅ ወለል አያልፍም። የእንጨት በረንዳው ይቀራል፣ ጣሪያው እንደ ድሮው ተዳፋት ያለው ቆርቆሮ ይሆናል፣ የጣሪያው ውኃ በቦይ ተሰብስቦ ወደ በርሜል ይገባል። እንሰቱና ሁለቱ ብርብራዎች አይነኩም። ነገሩ በነፃ አልሆነም። ሰፊ አዳራሽ ሊከራይ የነበረ ነጋዴ ትቶን ሄዷል፣ የምናገኘው ኪራይም ልጄ ካሰበው ያንሳል። የልጄን የኮሌጅ ክፍያ ግን ይሸፍናል ብለን ተስፋ አድርገናል።

እንደኛ በመንገድ ዳር ሱቅ ላላችሁ ቤተሰቦች የምመክረው ይህን ነው። ለንድፍ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤትንና የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የተነገራችሁንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ቤቱንና ጓሮውን እንዳለ ፎቶ አንሱ። ከሥራችሁ የሚኖረውን ጎረቤት አማክሩ። ቆፋሪው የተጠረበ ድንጋይ ካገኘ አካፋውን እንዲያስቀምጥ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ፤ አንዴ የተቆረጠ ተዳፋት በፋሻ አይታሰርም።

አሁን ፈቃዱን እየጠበቅን ነው። ልጄ ባለፈው ሳምንት ከሐዋሳ ሲመጣ ከጓሮው እንሰት የተሠራ ቆጮ በጎመን አቀረብኩለትና፣ «ኪራይ ተከፈለህ» አልኩት። ሳቀና ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ።