ሐኪም ሳያየው ፖሊስ ያየው ሰው

ጎፋ ውስጥ ስለ አሜሪካ ፖለቲካ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ማዞሪያ አካባቢ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ እስኪመጣ ብትጠብቁ፣ ከአጠገባችሁ ያለው ጠረጴዛ ትራምፕን ሲያወድስ ወይም ሲነቅፍ ትሰማላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው እዚያ አለ፤ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ወንድም፣ ሚኒሶታ አረጋውያን የምትንከባከብ እህት። እዚያ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር እዚህ ስልክ ይደወላል።

ከስልኩ በኋላ ክርክሩ ይከተላል። አሜሪካኖቹ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ችግሩ የጦር መሣሪያው ነው» ይላል፤ ሌላው «ችግሩ የአእምሮ ሕመም ነው» ይላል። እኛም ከካፌው ሆነን ወገን እንመርጣለን። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ እንጂ ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። ነገር ግን ሙያዬ አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ አንድ ጊዜ የተለጠፈ ስም በቀላሉ አይላቀቅም። «የአእምሮ ሕመምተኛ» ከሚለው ስም ጎን «አደገኛ» የሚል ቃል ከለጠፍን በኋላ፣ የየትኛው እናት ልጅ ነው ደፍሮ ወደ ሕክምና የሚሄደው? እውነታው ደግሞ ሌላ ነው። አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ማንንም አይጎዱም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

«ነፃ» ማለት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1981 ጆን ሂንክሊ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ዋሽንግተን ውስጥ በፕሬዚዳንት ሬገን ላይ ስድስት ጥይት ተኮሰ። ፕሬዚዳንቱና ሌሎች ሦስት ሰዎች ቆሰሉ፤ ቃል አቀባዩ ጄምስ ብሬዲ ጭንቅላቱን ተመትቶ ዕድሜ ልኩን አካል ጉዳተኛ ሆነ። ሂንክሊ ይህን ያደረገው የአንዲት የፊልም ተዋናይት ትኩረት ለማግኘት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዳኞቹ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም አሉ።

አገሬው ተቆጣ። ኮንግረስ በ1984 ሕጉን አጠበበ፤ «ታምሜ ነበር» የሚለውን የማስረዳት ሸክምም ወደ ተከሳሹ አዞረ። በቁጣው መሐል ብዙዎች ያላስተዋሉት ግን ሰውየው ወደ ቤቱ አለመሄዱን ነው። የገባው ሆስፒታል ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ ከእናቱ ጋር እንዲኖር የተፈቀደለት በ2016 ሲሆን፣ ከፍርድ ቤት ቁጥጥር ሙሉ በሙሉ የተላቀቀው በ2022 ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ካፌ ውስጥ «እብድ ነኝ ብሎ አመለጠ» ለሚል ሰው ይህን ብነግረው ደስ ይለኛል።

አሜሪካ የተሳሳተችው ሌላ ቦታ ላይ ይመስለኛል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963፣ ሊገደሉ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው፣ ሕሙማን ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወጥተው በየሰፈራቸው ባሉ ማዕከላት እንዲታከሙ የሚያስችል ሕግ ፈርመው ነበር። ሆስፒታሎቹ ባዶ ሆኑ፤ ማዕከላቱ ግን በታሰበው ልክ አልተሠሩም። ብዙዎች ጎዳና ላይ ቀሩ፤ ከጎዳና ወደ እስር ቤት ገቡ። ዛሬ የሎስ አንጀለስና የቺካጎ እስር ቤቶች በአገሪቱ ካሉ ትልልቅ የአእምሮ ሕክምና ቦታዎች መሐል ይቆጠራሉ። ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም ሥልጣን ላይ ወጥተው ወርደዋል፤ ያ ክፍተት ግን አልተደፈነም።

አንድ አውሮፕላን፣ ሁለት ፍርድ

ይህ የአሜሪካኖች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 702 ጄኔቭ አረፈ። ጠላፊው የራሱ ረዳት አብራሪ ነበር። ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፈ፤ ካረፈ በኋላ በመስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ። አንድም ሰው አልተጎዳም።

ኢትዮጵያ ተላልፎ እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ስዊዘርላንድ እምቢ አለች። በመጋቢት 2007 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ፈረደበት። ስዊዘርላንድ ያሉ ባለሙያዎች ግን መርምረውት፣ በዚያች ሌሊት ሰዎች ያሳድዱኛል በሚል ከባድ ፓራኖያ ውስጥ እንደነበር ደመደሙ። በኅዳር 2008 እዚያ ለድርጊቱ በወንጀል ተጠያቂ አይደለም ተብሎ ሕክምና እንዲከታተል ተወሰነ። አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ ሁለት ፍርድ።

ልዩነቱ የመጣው የኛ ሕግ ጨካኝ ስለሆነ አይመስለኝም። አንደኛው ችሎት በባለሙያ የተመረመረ ሰው ነበረው፤ በሌለበት የሚዳኝን ሰው ግን ሐኪም ፊት ለፊት ተቀምጦ ሊያየው አይችልም።

የራሳችን ሕግ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ያስባል። በአንቀጽ 48 መሠረት አንድ ሰው በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ምንነት ወይም ውጤት መረዳት፣ ወይም በተረዳው ልክ ራሱን መግታት ካልቻለ፣ ለድርጊቱ ኃላፊ አይሆንም። አንቀጽ 49 ችሎታው በከፊል የተጓደለበትን ሰው ቅጣት ያቀልለታል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሆን ብሎ ሰክሮ ወንጀል የሠራ በዚህ በር እንዳያመልጥ ይከለክላል። በአንቀጽ 51 መሠረት ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ካሳየ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ ማዘዝ አለበት።

«የተጎጂው ቤተሰብስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕጉ ሰውየውን ዝም ብሎ አይለቀውም። ለሕዝብ የሚያሰጋ ከሆነ ተገቢ በሆነ ተቋም እንዲቆይ፣ አለበለዚያ እንዲታከም ያዛል። ጊዜው አስቀድሞ አይወሰንም፤ በየሁለት ዓመቱ ግን መታየት አለበት። ይህ ከእስር የቀለለ ላይሆን ይችላል። ዓላማው ግን ነገ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ ያልታከመ ሰው ግን የእስር ጊዜውን ሲጨርስ ከነሕመሙ ይወጣል።

ሽምግልና የማይፈታው

ጎፋ ያለንበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንዲት እናት ልጅ ለወራት ከሰው ርቆ፣ ሌሊት ብቻውን ሲያወራ ይሰማ ነበር። አንድ ጠዋት «ይከታተለኛል» ብሎ የጎረቤት መኪና መስታወት ሰበረ። ፖሊስ ተጠራ። የብሎኩ ሽማግሌዎች ገቡ፤ እናቱ ለመስታወቱ ከፈሉ፣ ይቅር ተባባልን፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ። ሽምግልናችን የሚኮራበት ነገር ነው። ነገር ግን ሽምግልና መስታወቱን ከፈለ እንጂ ሕመሙን አላከመም። እናትየው ልጃቸውን አማኑኤል ለመውሰድ የፈሩት ገንዘቡን አልነበረም፤ ጎረቤት የሚያወጣለትን ስም ነበር።

አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ አለ። ለረጅም ጊዜም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ፍርድ ቤቶችም ተከሳሾችን ለምርመራ ወደዚያ ይልካሉ። ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ዘመድ የሌላቸውንና ጎዳና የወደቁትን ደግሞ ቢኒያም በለጠ እንደመሠረተው መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ያነሣሉ። አሜሪካ ሆስፒታሎቿን ባዶ አድርጋ ሸክሙን ቤተሰብ ላይ ጣለች፤ እኛ ጋ ሸክሙ ከመጀመሪያውም ከቤተሰብ ትከሻ ወርዶ አያውቅም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ፣ ምልክቱን አትናቁ። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መራቅ፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ መሠረት የሌለው ጥርጣሬ ሳምንታት ካስቆጠረ ሐኪም ይየው። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት አስቀምጡ። የሕክምና ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቀጠሮ ወረቀት አንድ ቦታ ይቀመጥ። ችግር በመጣ ቀን ከሺህ ምስክር ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ልጃችሁ ከተያዘ ዝም አትበሉ። ሕመሙን ለመርማሪው ፖሊስና ለዳኛው በጽሑፍ አሳውቁ፤ በአንቀጽ 51 መሠረት እንዲመረመር ጠይቁ። ለጠበቃ የምትከፍሉት ከሌላችሁና ያለ ጠበቃ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መንግሥት እንዲያቆምላችሁ መብት ይሰጣል።

አራተኛው ለጎረቤት ነው። ቀጣዩን ሽምግልና ስንቀመጥ፣ ከካሳው ጋር አንድ ቅድመ ሁኔታ እንጨምር፦ ልጁ ሐኪም ይየው፤ ከእናቱ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ሰውም ከመሐላችን ይመደብ። የአሜሪካን ምርጫ እኛ አንወስንም፤ ይህን ግን መወሰን እንችላለን።