የእትብት ደም፦ ከሚቀበረው እትብት ውስጥ ያለው ሀብት

በሳንጃና በአካባቢዋ አንድ ሰው የትውልድ ቀዬውን ሲያመለክት «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። እትብቱ ከእንግዴ ልጁ ጋር ሲቀበር በውስጡ የቀረው ደምም አብሮ አፈር ይለብሳል። መጠኑ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው። በሌላው ዓለም ግን ይኸው ደም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብዙ ሕሙማንን ሕይወት ታድጓል።

ምስጢሩ በውስጡ ያሉት ግንደ ሕዋሳት ናቸው። የሰው ደም የሚመረተው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ኦክስጅን የሚያመላልሰው ቀይ የደም ሕዋስ፣ በሽታን የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ሁሉም የሚበቅሉት ከአንድ ዘር፣ ከግንደ ሕዋስ ነው። በደም ካንሰር ወይም በመቅኔ መድከም ምክንያት ይህ ዘር ሲበላሽ መቅኔው ዘር እንዳጣ ማሳ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ጤናማ ዘር መተካት የግድ ይሆናል።

የመጀመሪያው የእትብት ደም ንቅለ ተከላ የተከናወነው በጥቅምት ወር 1988 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ቅዱስ ሉዊስ ሆስፒታል ነው። ዶክተር ኤልያን ግሉክማን የመሩት ቡድን ፋንኮኒ አኒሚያ በተባለ በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ይሠቃይ ለነበረ አሜሪካዊ ሕፃን የታናሽ እህቱን የእትብት ደም ሰጠው። ደሙ እህቱ ስትወለድ አሜሪካ ውስጥ ተሰብስቦ፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ወደ ፓሪስ የተጓዘ ነበር። ሕፃኑ ዳነ።

አሰባሰቡ እናትንም ልጅንም አያሳምምም። እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ በደም ሥሩ ውስጥ የቀረው ደም በመርፌ ወደ ከረጢት ይወርዳል። ከዚያም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለሌሎች በሽታዎች ይመረመርና በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀመጣል። በደም ባንክ የሚቀመጠው የተለመደው ቀይ ደም ዕድሜው በሳምንታት የሚቆጠር ሲሆን፣ ይህኛው ከሃያ ዓመት በላይ ይቆያል። ተካዩ በደም ሥር ሲሰጠው ሕዋሳቱ ወደ መቅኔ የሚወስደውን መንገድ ራሳቸው ያገኙታል። ሥራ እስኪጀምሩ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ በእነዚህ ቀናት ሕመምተኛው ለኢንፌክሽን እጅግ የተጋለጠ ነው። ለትልቅ ሰው ደግሞ የአንድ እትብት ደም ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ትልቁ ችግር ተዛማጅ ለጋሽ ማግኘት ነው። የሕዋስ መለያዎች በዘር ሐረግ የሚወረሱ በመሆናቸው ለጋሽ የሚገኘው በአብዛኛው ከተመሳሳይ የትውልድ ምንጭ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ ሙሉ በሙሉ የሚዛመድ ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለነጮች 79 በመቶ ሲሆን ለጥቁሮች 29 በመቶ ብቻ ነው። በባሕር ማዶ የሚኖር ጎንደሬ ቢታመም ይህ ጠባብ ዕድል ይጠብቀዋል። የእትብት ደም መለያው ትንሽ ቢለያይም ስለሚሠራ ነው ለእንዲህ ያለው ሰው ተስፋ የሆነው።

በግል ባንክ ገንዘብ ከፍሎ ለራስ ልጅ ማስቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በልጁ ላይ የሚነሣው የደም ካንሰር ምንጩ ከመወለዱ በፊት ሊሆን ስለሚችል የራሱ ደም ላይጠቅመው ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እንዲህ ያለውን ማስቀመጥ እንደ ዋስትና አድርጎ አይመክርም።

በቆላማዋ ሳንጃ ለሚወለድ ሕፃን የእትብት ደም ዋና ጥቅም ከባንክ በፊት ነው። ወባና የአንጀት ጥገኛ ትላትሎች የእናትንም የልጅንም ደም በሚያመነምኑበት ሀገር ሕፃን የሚወለደው ካለው የብረት ክምችት ጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እትብት ከወሊድ በኋላ ከአንድ ደቂቃ በፊት እንዳይቆረጥ ይመክራል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ሲጠበቅ በእትብቱ ያለው ደም ወደ ሕፃኑ ይገባና ለወራት የሚበቃ ብረት ይሰጠዋል። በጤና ተቋም የምትወልድ እናት ይህን አዋላጇን አስቀድማ ልትጠይቅ ትችላለች። ሕፃኑ ሲወለድ ካልተነፈሰና የሕይወት ማዳን ርዳታ ካስፈለገው ግን ባለሙያው ወዲያውኑ ይቆርጠዋል።