ንግሥት ጉንዳንን መለየት፣ መንከባከብና መተው



ቁጥሩ ድንገት የበዛን ነገር በአማርኛ «እንደ አሸን ፈላ» እንለዋለን። አባባሉ የመጣው ከዝናብ በኋላ ከመሬት ገንፍለው ከሚወጡት ክንፋም ነፍሳት ነው። ማታ በመብራት ሥር ረግፈው የምናያቸውን እነዚህን ነፍሳት በጅምላ ብንመለከታቸውም፣ በመካከላቸው ምስጥም አለ፤ ጉንዳንም አለ። የዛሬው ንግግሬ ከእነዚህ ሁሉ በአንዷ፣ በጉንዳን ንግሥት ላይ ያተኩራል። እንዴት እንደምትለይ፣ በትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት እንዴት እንደምትያዝና እርሷን የሚይዝ ሰው ምን ኃላፊነት እንዳለበት በቅደም ተከተል እመለከታለሁ።

በመለየት እንጀምር። የምስጥ አራት ክንፎች በርዝመት እኩል ናቸው፤ ወገቡም ወፍራም ነው። የጉንዳን የፊት ክንፎች ግን ከኋለኞቹ ይረዝማሉ፤ ወገቧ እጅግ ቀጭን ነው፤ አንቴናዋም እንደ ክርን ይታጠፋል። ይሁን እንጂ ክንፍ ያለው ጉንዳን ሁሉ ንግሥት አይደለም። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ትንሽ፣ ሰውነቱም ቀጭን ነው፤ ከተራክቦ በኋላም ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ንግሥቲቱ በበኩሏ ከተራክቦ በኋላ ክንፎቿን ራሷ ትጥላለች። ስለዚህ መሬት ላይ ስትሄድ የምናገኛት ብዙውን ጊዜ ክንፍ አልባ ሆና ነው፤ ከትልቅ ሠራተኛ ጉንዳን ጋር የምትምታታውም በዚህ ጊዜ ነው።

በመጠን ብቻ መፍረድ ያሳስታል። አስተማማኙ ምልክት ደረቷ ነው። የሠራተኛዋ ደረት ጠባብ ሲሆን፣ የንግሥቲቱ ደረት የበረራ ጡንቻ የሚይዝ በመሆኑ ሰፊና ከላይ ጎበጥ ያለ ነው። በጎንና ጎኑም ክንፎቹ የተነቀሉባቸው ጠባሳዎች ይታያሉ። በብዙ ዝርያዎች ግንባሯን በማጉያ መነጽር ስንመለከት ሦስት ጥቃቅን ተጨማሪ ዐይኖች እናገኛለን።

ይህ ደረት ምልክት ብቻ ሳይሆን ስንቋም ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ዣኔ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዳሳየው፣ ክንፏን የጣለች ንግሥት የበረራ ጡንቻዋ ቀስ በቀስ ይሟሟል። በብዙ ዝርያዎች ንግሥቲቱ ራሷን በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ትዘጋለች፤ ከሰውነቷ በተገኘው በዚህ ምግብ የመጀመሪያዎቹን እጮች ታሳድጋለች። እስከዚያ ድረስ አንዳች አትቀምስም። በተራክቦው በረራ የተቀበለችውን የዘር ፈሳሽ ደግሞ በሆዷ ውስጥ ባለ ከረጢት ዕድሜ ልኳን ታኖረዋለች። የዳበረው እንቁላል ሴት፣ ያልዳበረው ወንድ ይሆናል።

የአያያዙ ሥርዓት በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። አንድ የብርጭቆ የሙከራ ቱቦ ወስደን ሲሶውን ያህል ውኃ እንሞላለን፤ ውኃው እንዳይፈስ በጥጥ እንወትፈዋለን፤ ንግሥቲቱን በቀረው ደረቅ ክፍል አስገብተን አፉን አየር በሚያሳልፍ ሌላ ጥጥ እንዘጋለን። እርጥቡ ጥጥ የምትጠጣውንና የምትፈልገውን እርጥበት ይሰጣታል። ከዚያ ቱቦውን ንዝረት በሌለበት ጨለማ ቦታ እናስቀምጠዋለን። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በየሰዓቱ ቱቦውን ሲያነሡ፣ ብርሃን ሲያበሩና ሲነካኩ የተጨነቀችው ንግሥት የገዛ እንቁላሏን ትበላለች። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ከሳምንታት በኋላ ሲወጡ ደቃቆች ናቸው፤ ጠብታ የስኳር ውኃና ቅንጣት የነፍሳት ሥጋ መስጠት የሚጀመረውም ያን ጊዜ ነው። ይሁንና ራሳቸውን ሙሉ በሙሉ የማይዘጉ፣ ገና ከጅምሩ እየወጡ የሚያድኑ ንግሥቶችም አሉ፤ እነርሱ ካልተመገቡ ይሞታሉ። ዝርያውን ማወቅ ከእንክብካቤ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ምን ያህል ዘመን እንደሚዋዋል ያስብ። እንግሊዛዊው ጆን ሉቦክ ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዛት ንግሥት እስከ 1888 ኖራለች። ላሲየስ ኒጀር ከተባለው የአውሮፓ ጥቁር ጉንዳን ዝርያ የሆነች ሌላ ንግሥት ደግሞ በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ ቆይታለች።

እዚህ ላይ ከጎረቤታችን ከኬንያ አንድ ጉዳይ ላንሣ። በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. የናይሮቢ ፍርድ ቤት ጉንዳን ከአገር ለማስወጣት ሞክረዋል በተባሉ አራት ሰዎች ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ ካልከፈሉም 12 ወር እንዲታሰሩ ፈረደ። ከተያዙት ጉንዳኖች መካከል በሺህ የሚቆጠሩ ንግሥቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ሜሶር ሴፋሎተስ የሚባለው ግዙፍ እህል ሰብሳቢ ዝርያ ይገኝበታል። ንግሥቶቹ የታሸጉት ጥጥ በተወተፈባቸው ቱቦዎች ነበር። ቅድም የገለጽኩት መንከባከቢያና ይህ የኮንትሮባንድ ዕቃ አንድ ዐይነት ናቸው።

አንዲት ሠራተኛ ብትወሰድ ጎጆዋ አይፈርስም። ንግሥት ስትወሰድ ግን በመጪዎቹ ዓመታት ከእርሷ ሊወጣ የሚችለው ማኅበር በሙሉ አብሮ ይወሰዳል፤ ያ ማኅበር ይሰበስበውና ይበትነው የነበረው ዘር፣ ይፈለፍለው የነበረው አፈርም እንዲሁ። ጉዳቱ በመነሻው ቦታ ብቻ አይወሰንም። በደረሰችበት አገር ካመለጠች፣ ያለ ተፈጥሯዊ ጠላት የምትስፋፋ ወራሪ ልትሆን ትችላለች። ፊዶሌ ሜጋሴፋላ የተባለው ጉንዳን በላይኪፒያ የግራር ዛፎችን ከዝሆን ይከላከሉ የነበሩትን አገር በቀል ጉንዳኖች በማጥፋቱ ዛፎቹ ለጉዳት ተጋልጠዋል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማሳስባቸው ሕግ አጭር ነው። ከአካባቢያችሁ ውጭ የመጣች ንግሥት አትግዙ፤ አትላኩም። ከበረራ ቀን ከአንዲት ወይም ከሁለት በላይ አትውሰዱ። ቀኑን፣ ቦታውንና የዝናቡን ሁኔታ መዝግቡ። ልትለቋት ከወሰናችሁ ባገኛችሁበት ስፍራ ልቀቁ። ንግሥት ጉንዳንን መንከባከብ በአመዛኙ አለመንካት ነው፤ ይህን የሚችል ሰው ከአንዲት ቱቦ ውስጥ የአንድ ማኅበር አመሠራረት ከመጀመሪያው እንቁላል ጀምሮ ያያል።