የደም ግፊት መድኃኒትና የሕመም ማስታገሻ፦ ሳይጠይቁ አብሮ መውሰድ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል

በአዝመራ ስብሰባ ወገቡን የታመመ አርሶ አደርም ሆነ ጉልበቱን የሚያመው የከተማ ነዋሪ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጡ የተለመደ ነው። ኢናላፕሪል ለሚወስድ የደም ግፊት ታካሚ ግን ይህ ልማድ አደጋ አለው።

ኢናላፕሪል የደም ሥሮችን በማላላት ግፊትን ይቀንሳል። ማስታገሻዎቹ በአንጻሩ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ በማድረግ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማሉ፤ ወደ ኩላሊት የሚደርሰውን ደምም ይቀንሳሉ። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲታከልበት ወይም ታካሚው በተቅማጥና በትውከት ፈሳሽ ሲያጣ አደጋው ይከፋል።

ኢናላፕሪልን ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ መውሰድ ይቻላል። ሆኖም በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ስለሚጨምር፣ ከስፓይሮኖላክቶን ወይም ፖታሲየም ካለበት የጨው ምትክ ጋር ያለ ሐኪም ክትትል መውሰድ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል። መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር እናቶች ሳይዘገዩ ሐኪም ሊያስቀይርላቸው ይገባል።

ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግፊቱን መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ማስታገሻ የሚገዛ ታካሚ የሚወስደውን መድኃኒት አስቀድሞ ለፋርማሲ ባለሙያው ቢያሳይ ኩላሊቱን ከጉዳት ይጠብቃል።